የማይወልዱት ዓሦች

ግንቦት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሁላችንም በሕይወት አለን፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ስልክ ላይ ሁሌ «ሰላም ነኝ» የምልህ እናትህ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው።

አንተ ለሥራ ከሄድክ በኋላ አባትህ ለኩሬው አዲስ መላ አገኙ። ዓሦቹ ያለልክ እየተዋለዱ፣ ኩሬው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ አንዱም ከጣት ሳያልፍ መቅረቱ ያንገበግባቸው እንደነበር ታውቃለህ። ከጭማቂ ቤት የሚጣለውን የፓፓያ ዘር በባልዲ እያመጡ፣ ደጃፍ ላይ አስጥተው፣ ፈጭተው ከፉርሽካ ጋር ያበሏቸው ጀመር። ዓሦቹ ክንድ አከሉ። ምሳችንም እራታችንም ዓሣ ሆነ፤ ወፍራሙ ቁራጭ ሁልጊዜ የእኔ ነው። «ብይ ልጄ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው» ይሉኛል አባትህ።

ባለፈው ሳምንት ዓሣ ነጋዴዋ መጣች። አንዱን በጅራቱ አንጠልጥላ፣ «ምን አብልተዋቸው ነው እንዲህ የደለቡት?» አለቻቸው።

«የፓፓያ ዘር። እሱን ሲበሉ መውለድ ይተዋሉ። መውለድ ሲተዉ ይወፍራሉ።»

«እኔም በወለድኩ ቁጥር ነው የከሳሁት፤ ለእኔም ያምጡልኝ እንጂ!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ዓሣ የበላሁበትን ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሳህኑን ትቼ እርጥብ እጄን ሆዴ ላይ ጫንኩ።

እግዜር ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ሁለት ጊዜ ወስዶብናል። ይሄኛው ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ሲቀርብ ቃር ያዘኝ እያልኩ መሸሽ ያዝኩ። ለማን ልናገር? ካፋቸው ቀንሰው ያበሉኝን ሰው «ጎዱኝ» እንዴት እላለሁ?

ትናንት ጠዋት ልጁ መንቀሳቀስ አቆመ። በግራዬ ተኛሁ፣ በቀኜ ተኛሁ፣ ስኳር ውሃ ጠጣሁ፤ ጭጭ። እናትህ ኩሽና ውስጥ ሆዴን አቅፌ ቁጭ ብዬ አገኙኝ። «ዓሣው ነው፣ እማማ! ያ ዘር ነው!» አልኳቸው። አባትህ ለካ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

ተመልሰው ወጡ። እኔና እናትህ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወጣ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው የኩሬውን መዝጊያ ሳንቃ ይነቅላሉ። ውሃው ወደ ቦዩ ይንዶቆዶቃል፤ ዓሦቹ ጭቃው ላይ ይፈራገጣሉ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ያመት ልፋትህ!» ብለው እናትህ ጮኹ።

ቀና እንኳ አላሉም። «ልጄን ይዘሽ ሂጂ» አሏቸው።

አዋላጇ ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ እያዘዋወረች ብዙ ፈለገች። ከዚያ አገኘችው። ልቡ ይመታል! እናትህ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። የዓሣውን ነገር ስነግራት አዋላጇ ፈገግ አለች። «ዘሩን የበላው ዓሣው ነው፤ አንቺ የበላሽው ዓሣውን። በዚህ የተጎዳ ጽንስ አላየሁም። ይልቅ ብይ፣ ከስተሻል።»

ስንመለስ ኩሬው ባዶ ነበር። አባትህ ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭቃው እግራቸው ላይ ደርቋል።

«ልቡ ይመታል፣ አባባ» አልኳቸው። «ጥፋቱ የዓሣውም አይደለም ብላለች አዋላጇ።»

ከእግራቸው ጭቃውን እያራገፉ፣ «ዓሣ እንደሆነ ይተካል» አሉ።

ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ላንተ ልንገርህ። እናትህ መድኃኒት ሊቀበሉ ሲወጡ አዋላጇ ማዳመጫውን መልሳ አደረገች። ብዙ ቆየች። ፈገግታዋ የለም። «በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ ሆስፒታል ትሄጃለሽ፤ ከባለቤትሽ ጋር» አለችኝ። «ባለቤቴ ሩቅ ነው» ስላት፣ «ጥሪው» አለች። ለምን ብዬ መጠየቅ ፈርቼ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

አሠሪዎቼ አይለቁኝም አትበለኝ፤ ለምናቸው። ይህን ስጽፍ አንዴ ረግጦኛል። በስሱ ነው፣ ግን ረግጦኛል። እግዜር የለመንካቸውን ልብ ያራራልህ፣ መንገዱን ያሳጥርልህ፣ በሰላም ደጃችን ያድርስህ። ቶሎ ና።

የልጅህ እናት