አድባሩ የቆመበት በር

ማርች 4

ይህን ሆስፒታል ተሸክሜ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

እሺ... ተሸክሜ አይደለም፣ እየገፋሁ ነው። የምገፋውም አልጋ ጎማ አለው። ቢሆንም እኔ ባልኖር አንድ በሽተኛ ከራጅ ክፍል ወደ ቦታው አይመለስም ነበር። ቶንግሱክ አልጋ ገፊው ማለት ይኸው ነው።

የማታ ትምህርቱ አለቀ። ወረቀት ተሰጠኝ፣ ስሜን ራሴ አነበብኩት። አስተማሪያችን ፒምጃይ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ የምትቆጣን ግን እንደ እናት ነው። አጎቴ፣ ፊደሉ እንዳይጠፋብህ በየቀኑ ጥቂት ጻፍ፣ ለራስህ ነው፣ እኔ አላርመውም አለችኝ። አላርመውም ያለችው የሚታረም ስለማይኖረው ነው።

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ሙቀት። ሚስቴ ቡዋሎይ ሩዟን ጨርሳ በላች።

ማርች 7

ማንበብ ችግር ነው። ድሮ ቀለም ብቻ የነበረው ሁሉ አሁን ይናገራል። ግድግዳው ሁሉ አለቃዬ ሆነ። ማጨስ ክልክል ነው... ጸጥታ... እጅዎን ይታጠቡ...

አዲሱ ሕንፃ ውስጥ፣ ሚስቴ የተኛችበት ክፍል ጫፍ ላይ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ። ከበላዩ የተለጠፈውን ዛሬ አነበብኩት። "የአደጋ ጊዜ መውጫ። ፊት ለፊቱ ምንም ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው።" ፊት ለፊቱ ደግሞ አድባሩ ቆሟል።

አድባሩ ከሆስፒታሉ በፊት እዚያው ነበር። ምሰሶ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ጎጆ፣ የቦታው ጌታ የሚያድርባት፣ ከሥሯ የሲሚንቶ መደብ። አዲሱ ሕንፃ በአሮጌው ላይ ሲቀጠል ፕላኑን የሠሩት ባንኮክ ተቀምጠው ነው። ፕላን ላይ አድባር አይሳልም። ግንበኞቹ መጥተው ሲያዩት ማን ደፍሮ ይንካ? ግድግዳውን አጠገቡ ድረስ አምጥተው፣ በሩን ገጥመው፣ እጅ ነስተው ሄዱ። በሩን ስትገፋው ከመደቡ ጋር ይላተምና ግማሽ ላይ ይቆማል።

ስንቴ ወጥቼበታለሁ፣ ለሲጋራ። ዛሬ ባዶ አልጋ ይዤ ሞከርኩት።

አላለፈም።

ማርች 8

ለሲስተር ራምፓይ ነገርኳት፤ የክፍሉ ኃላፊ ናት። "አጎት ቶንግሱክ፣ ፊደል ከቆጠርክ ወዲህ አስቸጋሪ ሆነሃል" አለችኝ። ከዚያ ሄዳ በሩን ራሷ ገፋችው። ለዳይሬክተሩ እነግረዋለሁ አለች። ነገረችው። አውቃለሁ አለ። ጥበቃውም ያውቃል። ጽዳቷ ማሊዋንም ታውቃለች። ለካ የማያውቀው ማንበብ የማይችለው ብቻ ነበር።

ሌላው መውጫ ወደ አሮጌው ሕንፃ የሚወስደው ኮሪደር ነው። በዚያ በኩል እሳት ቢነሳስ? የቡዋሎይ አልጋ የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ በር አጠገብ። በመስኮቱ ንፋስ ይገባል ብዬ ቦታውን የለመንኩላት እኔ ነኝ።

ማርች 12

ቡዋሎይ ከስትሮኩ ወዲህ ግራ ጎኗ አይሰማትም። ምላሷ ግን ከሁሉም ቀድሞ ዳነ። ዛሬ ማሊዋንን በሩን አስከፍታ ከአልጋዋ ላይ ሆና አድባሩን አናገረችው። ስለት ተሳለች። እግሬን አንቀሳቅስልኝ እንጂ ጨፋሪዎች አስመጣልሃለሁ፣ ቅርጫት ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል አቀርብልሃለሁ። ቀይ ለስላሳ ደግሞ በየቀኑ፣ ባሌ ይገዛል። ባሏ እኔ ነኝ።

ሲመሻሽ ግራ እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር እያሸሁላት... አውራ ጣቷ ተነቃነቀ!

አየሁት። ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም ትንሽ።

ማርች 20

ወሬው ሆስፒታሉን ዞረ። አስታማሚ ሁሉ ስለት ይዞ ይመጣል። ቀይ ለስላሳ፣ የእንጨት ዝሆን፣ የአበባ ጉንጉን። መደቡ አልበቃ ስላለ አናጢው ከፊቱ የጣውላ መደብ ጨመረበት። በሩ አሁን ሰው በጎኑ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እኔ ሆዴን ስቤ አልፋለሁ።

ሻማውም፣ የዕጣን እንጨቱም እዚያው። በዚህ ሁሉ ሆስፒታል እሳት የሚነድበት አንድ ቦታ ቢኖር የእሳት ማምለጫው በር ነው። ይህን ለጥበቃው ስነግረው ሳቀ። ከዚያ አፉን ያዘ፣ አድባሩ እንዳይሰማው።

ማርች 28

የሕንፃ ደህንነት ተቆጣጣሪ መጣ። ዳይሬክተሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሰውየው የእሳት ማጥፊያዎቹን አየ፣ የጭስ ደወሉን አስጮኸ፣ መጨረሻ ላይ ያንን በር ገፋ። ቆመ። አንገቱን አሾልኮ አየ።

በቃ፣ አልኩ በሆዴ። አሁን ይጮኻል።

እጆቹን ገጥሞ እስከ ግንባሩ አነሳና፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት አለው ለአድባሩ። ለዳይሬክተሩ ደግሞ ይህ ካልተነሳ በሩ ሕጉን አያሟላም፣ ተመልሼ እመጣለሁ አለ። ጠንከር ብሎ ነው ያለው። ደስ አለኝ። ሲወጣ ግን ጠጋ ብሎ ማሊዋንን፣ ምልክት ያሳየው የማን ስለት ነው? ብሎ ጠየቃት። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ከሱቅ ቀይ ለስላሳ ገዝቶ ተመለሰ። ራሱ አስቀመጠው። እናቱ ታማበታለች።

ኤፕሪል 3

አድባር የሚያነሳውና የሚተክለው ነጭ ለባሹ አዋቂ፣ አያ ፕራሙን ነው። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ለሰው ሁሉ አድባሩን በአንድ ትከሻዬ አነሳዋለሁ ስል ከርሜ የለ? ደረጃው ሥር ጫማዬን አውልቄ እንደ ተማሪ ተቀመጥኩ።

አነሳዋለሁ አለ፣ ለመነሳት እንቢ አላለም፣ ቀን ይቆረጥለታል፣ ቦታ ይፈለግለታል። ከዚያ፣ "የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ግን ቤቱን አላፈርስበትም። ያቺ ሴትዮ ጣቷ ተነቃንቋል አሉ። ወይ ድና ስለቷን ታስገባ፣ ወይ በራሷ አፍ ስለቱን ትቼዋለሁ ትበል" አለኝ።

ያቺ ሴትዮ ሚስቴ ናት አልኩት።

"ታዲያ ምን ቸገረህ?" አለኝ።

ኤፕሪል 5

ቡዋሎይን ጠየቅኳት። ስለ በሩ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ እሳት። ጨርሳ ሰማችኝ፤ እንዲህ ሰምታኝ አታውቅም።

"እግሬን ጀምሮልኝ ቤቱን ላፍርስበት?"

"ተይው ሌላ ቦታም ሆኖ ይሠራል።"

"ጣቴን ማን ነው ያየው? አንተ አይደለህም እንዴ?"

እኔ ነኝ።

"ታዲያ?"

አንድ ነገር ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ፓፓያ ሰላጣ ላምጣልሽ? አልኳት። ቃሪያ ይብዛበት አለችኝ።

ለሲስተር ራምፓይ ወደ ፊተኛው አልጋ እናዛውራት አልኳት። ሞልቷል። ዳይሬክተሩ አዋቂውን እየጠበቅኩ ነው ይላል። አዋቂው ሚስትህን ይላል። ሚስቴ አድባሩን ትጠብቃለች። አድባሩስ ማንን ይሆን የሚጠብቀው?

ኤፕሪል 13

የአገራችን አዲስ ዓመት፣ ውሃ የምንረጫጭበት። ከተማው ሁሉ ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል። እሳት መነሳቱ ካልቀረ ዛሬ ይነሳ።

ኤፕሪል 22

ዛሬ እሳቱ ተነሳ። መጻፍ አልቻልኩም። ነገ።

ኤፕሪል 23

ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነደደ። እሳቱ ትንሽ ነበር አሉ በኋላ። ጭሱ ግን... ጥቁር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ወለሉ ድረስ። በዚያ በኩል ማለፍ አልተቻለም። ሁሉም ወደ አድባሩ በር።

መራመድ የሚችሉት በጎናቸው እየሾለኩ ወጡ። እኔ የቡዋሎይን አልጋ ይዤ ሮጥኩ። አያልፍም እኮ፣ አውቃለሁ፣ ባዶውን ሞክሬዋለሁ። እጄ ግን ሌላ ሥራ አያውቅም። ገፋሁ። አልጋው በሩ ላይ ተሰነቀረ።

ከኋላዬ ማሊዋን አንዲት አሮጊት አዝላለች። "አጎቴ፣ መልሰው። መውጫውን ዘጋኸው።"

መለስኩት። ሚስቴን ከበሩ ወደ ጭሱ መለስኳት። በዚህ እጄ።

ሰዎች አለፉ። ቀለል ያሉትን በአንሶላ እያወጡ። ቡዋሎይ ቀላል አይደለችም፣ በዚህ ስንት ቀልጃለሁ። ላነሳት ታቀፍኳት። ጎረምሳ ሳለሁ የሩዝ ጆንያ በየትከሻዬ አንዳንድ ይዤ ድልድይ እሻገር ነበር እያልኩ ያላወራሁለት ሰው የለም። ከፍራሹ እንኳ አላላቀቅኳትም። ወገቤ እንቢ አለ። እንደገና። እንቢ አለ። ሲስተር ራምፓይ ሰው ልጥራ ብላ ሾለከች።

"አንተ ሰውዬ፣ ውጣ" አለችኝ ቡዋሎይ።

"አልወጣም።"

"ሁለታችን ምን እናደርጋለን እዚህ?"

እንጃ።

በክፍተቱ እጄን ሰድጄ ከመደቡ አንድ ቀይ ለስላሳ አነሳሁ። ፎጣዋን በእሱ አርሼ አፍንጫዋ ላይ አደረግኩ። ፊቷ ቀይ በቀይ ሆነ። ራሷን ወደ ክፍተቱ አዞርኩና አጠገቧ ተንበረከክኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረም። ምንም።

ጥበቃው እሳቱን በማጥፊያ አጠፋው። ጭሱ ሳስቶ ሲመጡ ደም መስሏቸው ጮኹ። ማንም አልሞተም። ቡዋሎይ ስታስል አደረች።

ማለዳ ላይ፣ "የአድባሩን መጠጥ ሰረቅክ" አለችኝ። እየሳቀች ነው መሰለኝ።

ኤፕሪል 25

አድባሩ አዳነን እያሉ ነው። ሰልፍ አለ ጓሮው ውስጥ። ሁለተኛ የጣውላ መደብ ሊጨምሩለት ነው።

ሜይ 2

ስብሰባ ነበር። እኔን ለስብሰባው አልጠሩኝም፣ ወንበር አስገባ ብለው ነው የጠሩኝ። ከስብሰባው በኋላ ሠራተኛ መሰላል ይዞ መጣ። ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ነቀለ። ሌላ በምስማር ለጠፈ። ቆሜ አነበብኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና።

"ዕቃ ክፍል።"

ሕጉ ስለ አደጋ መውጫ ነው የሚናገረው። መውጫ ካልሆነ ማን ይከሰዋል? ሲስተር ራምፓይ አይኔን አላየችም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ፈረመ፣ ለስላሳም ይዞ ነበር። እናቱ ተሽሏታል።

"ምንድን ነው የሚቀጠቅጡት?" አለችኝ ቡዋሎይ።

"ጽሑፍ እየቀየሩ ነው።"

"ምን ይላል?"

ድሮ ቢሆን አላውቅም እል ነበር፣ እውነቴን።

ሜይ 6

ወደ ቤት እወስዳታለሁ አልኩ። ሲስተር ራምፓይ ቁጭ አለች። "ፊዚዮቴራፒውስ አጎቴ? ቤት ከተኛች እግሩ እንደዚያው ይቀራል" አለችኝ። በሩስ? አልኳት።

ሜይ 15

ቤት ነን። የቤቴን በር በመጋዝ አሰፋሁት፣ ከነመቃኑ። አሮጌ አልጋ ሲስተር ራምፓይ አስሰጠችኝ፤ ገፍቼ አወጣሁት፣ ገፍቼ አስገባሁት፣ ሳይነካ። ጎረቤት ተሰብስቦ አየ። በዚህ አውራጃ ሕጉን ያሟላ ሕንፃ የእኔ ብቻ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ዝናብ ሲመጣ በዚያ በር ምን እንደምናደርግ እንጃ። ዛሬ አንድ ከብት አንገቱን አስገብቶ ቡዋሎይን አየና ሄደ።

ጠዋት ጠዋት እግሯን አሻለሁ። ሲስተር እንዳሳየችኝ ነው፣ ግን እጄ የአልጋ ገፊ እጅ ነው። እግሩ ቀጥኗል። እሷ ጣራውን እያየች፣ "ዛሬስ?" ትለኛለች። ጨፋሪዎቹን መቼ እንደምንጠራ ታስባለች። ቀይ ቀሚስ የለበሱትን ትፈልጋለች።

አስተማሪዋ አላርመውም ያለችውን እኔ ላርም። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ የሩዙ ጆንያም ቢሆን፣ ድልድዩ አጭር ከመሆኑ በቀር። አንድ ነገር ነው ውሸቱ፤ ማርች 12። ያን ቀን አድባሩን ስትለምን ሰምቼ አንጀቴ አልቻለም። ደስ ይበላት ብዬ ነው። ለራሴም ጻፍኩት፣ ከጻፍኩት ይሆናል ብዬ።

ጣቷ አልተነቃነቀም። ብርድ ልብሱን የሳብኩት እኔ ነኝ።