አባዬን «አይነሱ» አትበሏቸው

ሰኞ

ዛሬም እምቢ አሉ። አባዬን ማለቴ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችው ከባድ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ በረንዳው ላይ ቀስ ብሎ መመላለስ። «የጉልበታቸው መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይብስበታል» ብላኛለች። እሳቸው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት ልሥራ? ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ። ሽሮ ሜዳ ዕድሜ ልካቸውን ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ አሁን ውሃ እንኳ የሚጠጡት አቀብዪኝ ብለው ነው።

የትናንቱ ከዓይኔ አልጠፋም። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከነወንበራቸው ተሸክመው አስገቧቸው። በቅንነት ነው። አባዬ ግን ማታ «ሁለተኛ አልሄድም» አሉኝ። በእግራቸው ካልገቡ ይቀራሉ፤ አውቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ

ቸኮልኩ። ለምኜ ለምኜ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ይዣቸው ወጣሁ። ዳገት! ምን ነክቶኝ ነው? ጉልበታቸው አበጠ። ባለሙያዋ ጋ ስደውል «ዳገት ማን አለሽ? እብጠቱ እስኪጎድል ይረፉ፤ ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በጥቂቱ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «አርፈው ይቀመጡ፣ ተያቸው» አለ። ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ አልለየሁትም።

ሐሙስ

እብጠቱ ጎደለ። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ጸሎት እኛ ቤት ነበር። ሰው በገባ ቁጥር አባዬ ለሰላምታ ሊነሱ ሲሉ «ኧረ በጌታ፣ አይነሱ!» ይባላል፤ ትከሻቸው ተይዞ ይቀመጣሉ። እኔም ስለው የኖርኩት ነው። ሳይለመኑ የሚነሱት ለእንግዳ ብቻ፣ እሱንም እኛው በአክብሮት እንከለክላቸዋለን።

«ተዉአቸው! ይነሱ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ነው የምታስነሺው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ ተነሱ። እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም በየተራ ሳሙ። እኔን ግን አላዩኝም።

ቅዳሜ

ጎረቤቱን ሁሉ ለመንኩ፤ ብቅ በሉ፣ «አይነሱ» አትበሉ። እትዬ አስቴር ሳይቀሩ መጡ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቻሉት። አባዬ ተነሱላቸው። ማታ ጉልበታቸውን ትንሽ ጠዘጠዛቸው፤ አላበጠም። ነገ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ

ጠዋት ለባብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከታክሲ ወርደን እየቆምን፣ እያረፍን ሄድን። ወጣቶቹ ወንበር ይዘው ሲሮጡ «እዚያው አስቀምጡት፣ ስደርስ እቀመጥበታለሁ» አሏቸው። ገቡ። በእግራቸው! መዝሙሩን ትቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት፦ በዚሁ ይቀጥሉ ይሆን? እራት ላይ «ነገ ማን ይመጣል?» አሉኝ።

«ማንም። የሥራ ቀን ነው።»

«እንግዲያው አንቺ ውጪና ግቢ» አሉኝ።