ቅምሻ አይቆጠርም

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሦስት ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ሦስት ጉንጭ። ይኸው ጻፍኩልሽ፣ አንቺ ደብተር። ደስ ይበልሽ።

በየቀኑ መዝግቢ ያለችኝ የጤ/ጣቢያዋ ሲ/ር ሰላም ናት። ትናንት ለእርግዝና ክትትል ካርድ ሳወጣ መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ አለችኝ። አልጠጣም አልኩ። ሥራሽ ምንድን ነው አለች። ከአማቴ ጋር አረቄ እንሸጣለን አልኳት። ታዲያ አትቀምሺም? እቀምሳለሁ እንጂ፤ ሳይቀምስ ማን ለሰው ይሰጣል? እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በቀን ስንት ጊዜ? ቆጥሬው አላውቅም። ቅምሻ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?

ቆጠርኩላት። በአዘቦት ስድስት ሰባት፣ በገበያ ቀን የዚያ እጥፍ። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የባሰው። ለፅንስ ይህን ያህል አይጎዳም የሚባል መጠን የለም አለች። ለማቆም ምን ያህል ዝግጁ ነሽ፣ ከዜሮ እስከ አስር ስጪኝ አለች። አስር አልኳት። ምን ያስቸግርሻል ስትለኝ ግን ካርዴን ይዤ ተነሳሁ። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ልጅ፣ የቢቸናን ሰው ከየት ታውቀዋለች?

ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ይህ ሦስተኛው ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ዘዴ ሞከርኩ። ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ መለስኩ። አያ ደሴ ግን አያመልጣቸውም። የጥንት ደንበኛ ናቸው፤ ቦታቸው በሩ ሥር። ምነው ልጄ፣ የራስሽን አረቄ ፈራሽው እንዴ አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጠጣሁ።

የቀዳ ካልቀመሰ መድኃኒት አድርጎበታል ነው የሚባለው። ይህ ስም አንዴ ከወጣ ደጃችንን የሚረግጥ የለም። ድሮ ቀማሿ አማቴ ነበሩ፤ ጨጓራቸው ሲብስ ለእኔ አስረከቡኝ። እርጉዝ ነኝ ብዬ እንዳልገላገል ደግሞ ገና የሦስት ወር ነው። ያለፉትን ሁለቱን ቶሎ አውርተሽ ነው ያጣሻቸው ብለውኛል ጎረቤቶቼ። አላምንበትም። እፈራለሁ ግን። አማቴም አያውቁም። የሚያውቀው ባሌ ይሁኔ ብቻ ነው፤ እሱም ሞጣ፣ አናጢነት ላይ።

አምስት ጉንጭ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ማለዳና ማታ

ይሁኔ ደወለ። ለምን አትተይውም አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ትቼ የት ልሂድ? ሞጣ እንዳልሄድ መንገዱ ዝግ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሦስት ሰው ጋር ነው የሚያድረው። እንግዲያው ለእናትህ አንተ ንገርልኝ አልኩት። ሴት ለሴት ብትነጋገሩ ይሻላል አለ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ማታ። ገበያተኛው በዛ። አሥራ አንድ ጉንጭ። አራቱን ጓዳ ሮጬ ተፋሁት። እንዲህ ሲሆንስ ይቆጠራል? ሲ/ርን እጠይቃታለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አንድ። አንድ ብቻ። ጎበዝ እንዳትዪኝ፤ ደንበኛ ስለሌለ ነው።

ቅዳሜ እኛ ጋ የጠጣ አንድ ሰው ሆዱን አሞት ተኝቷል። ሥጋ ነው የጎዳው ይላል ወንድሙ። ግን ጓዳ ገብቼ ስተፋ ያየኝ አለ። እሷ የተፋችውን እኛ ጠጣን እየተባለ ነው። አማቴም ሰሙ። ያንኑ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አጠቡት።

ታፈንኩ። ብቀምስ ልጄን፣ ባልቀምስ ቤቱን። ሲ/ርን ረገምኳት ዛሬ። ባትጠይቀኝ ኖሮ በሰላም እቀምስ ነበር። ደግሞ ወዲያው ይቅር በለኝ አልኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጽሕፈቱ ቢበላሽ ቻይው።

ከንግሥ መልስ ቤቱ ሞላ። ሊጠጡ አይደለም፤ ሊያዩ ነው የመጡት። የተቀዳው ሁሉ ፊታቸው ተቀምጧል፣ የሚያነሳ የለም። አማቴ አዲስ ጠርሙስ ከፈቱ። ጉንጭ አይደለም፣ ሙሉ መለኪያ ቀድተው በሰው ፊት ሰጡኝ። ጠጪና ስማችንን መልሺ አሉኝ። ተቀበልኩ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ያጣኋቸው ሁለቱ ልጆቼ ትዝ አሉኝ።

«አልጠጣም እማዬ። እርጉዝ ነኝ።»

አያ ደሴ አቀረቀሩ። አማቴ መለኪያውን ከእጄ ወስደው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሰዉም ጠጣ። ምርቃት ሁሉ መጣ፤ ሚካኤል በሰላም ያገላግልሽ። እኔ ግን የማየው የአማቴን እጅ ነበር፣ ሆዳቸው ላይ።

እስኪመሽ ስድስት ጠርሙስ ተከፈተ። ስድስቱንም የቀመሱት እሳቸው ናቸው። የእኔ ዜሮ። ዜሮ ብዬ ስጽፍ አለቀስኩ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ጠዋት

አማቴ አልተነሱም። አጥሚት ወሰድኩላቸው፤ ሁለቴ ፉት ብለው መለሱት። ተቆጥተውኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሲስተሯ ምን አለችሽ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንቺንም አነበብኩላቸው፤ ስለ እሳቸው ያለውን ሳልዘል።

ሰባት ወልደው ያደገላቸው ይሁኔ ብቻ ነው አሉኝ። በሰባቱም ይቀዱ ነበር፣ በሰባቱም ይቀምሱ ነበር። በዚያ ይሁን በሌላ፣ አሁን ማን ያውቃል?

«እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሁን ነጠላዬን አምጪልኝ እያሉኝ ነው። ሲስተሯ ጋ ውሰጂኝ፣ እኔንም ትጠይቀኝ ይላሉ። በሩ እየተንኳኳ ነው፤ አያ ደሴ ናቸው፣ በሳላቸው አውቃቸዋለሁ። አልከፍትም። በጓሮ በኩል እንወጣለን።