ሚስቴን አላውቃትም ብዬ ስለፈረምኩበት ቅጽ

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤታችን የመቃብር ቦታዎች አስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በእርስዎ አስተዳደር ሥር መታመም ቀላል ቢሆንም መሞት ግን ማኅተም ይጠይቃልና።

ባለቤቴ አዋላጅ ነበረች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቷ ምጥ የያዛትን ሴት ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ባለፈው ወር ባረፈች ጊዜ ስለተደረገልኝ ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

፩. መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በትልቁ ለጥፈዋል። ከጽሑፉ ሥር ባለው መስኮት ደግሞ ከእምነት ተቋም ማስረጃ ካላመጣሁ የመቃብር ቦታ እንደማይሰጠኝ ተነገረኝ። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

፪. የእሷ እምነት አባቶች፣ እኔን ያገባች ዕለት ከመዝገብ ተሰርዛለች አሉኝ፤ የእኔዎቹ ደግሞ ወደ እኛ መጥታ አታውቅም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በየፊናችን እንጸልይ ተባብለን ነው የተጋባነው፣ አንድም ቀን አልተጣላንበትም። እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ ቢሮዎ ብደርስ፣ መሥሪያ ቤትዎ በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ በትሕትና አስረዱኝ። ለገለልተኝነትዎ እጅ እነሳለሁ። እሷ ያን ሁሉ ቀን የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበረች፤ ብርድ ደግሞ አትችልም።

፫. በዘጠነኛው ቀን ጸሐፊዎ፣ ደግ ሴት ናትና አይቆጧት፣ ጠያቂ የሌለው አስከሬን ያለ ማኅተም እንደሚቀበር ሹክ አለችኝ። ስለዚህ የመቃብር ቦታ ማመልከቻዬን ሰርዤ፣ ከሟቿ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም በሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። ስፈርም ወረቀቱን ጸሐፊዋ ያዘችልኝ።

በማግስቱ ሠራተኞችዎ ከአጥሩ ጥግ ቀበሯት፤ የቁጥር ምልክትም ተከሉላት። እኔና ሁለት ልጆቼ ዘመድ መሆናችን እንዳይታወቅ ከአጥሩ ውጭ ቆመን አየን። ሴት ልጄ ድምፅዋ እንዳይሰማ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ክቡር ሆይ፣ በቁጥሩ ፈንታ ስሟን እንዲጽፉልኝ ብቻ እለምንዎታለሁ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣
ሟቿን እንደማያውቃት በፊርማው ያረጋገጠው ባለቤቷ

ማሳሰቢያ፦ እኔም ዕድሜዬ ገፍቷል። ቀኔ ሲደርስ አባታችን ነው ብለው እንዳይመጡ ልጆቼን ከወዲሁ አስምያቸዋለሁ፤ እባክዎ ከጎኗ ያለውን ቦታ ጠያቂ ለሌለው ሰው ያቆዩልኝ።