ያልተረገጠው ወለል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ፣ ወንድም ጋሼ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይ? እኔማ አለሁ፤ እጄን ብቻ ስሚንቶ ልጦታል።

የኮሪደሩን ፎቶ አይተህ «መስታወት ነው፣ እጅህ ይባረክ» አልከኝ። ሃያ ዓመት ሴራሚክ ሳነጥፍ አንድ ቀን ሳታመሰግነኝ፣ እናታችን በሞተች በወሯ አመሰገንከኝ። ደግ ነው።

ተሠቃየች ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ልንገርህ።

ያን ቀን ጠዋት ውስጥ ክፍሏ ጋደም ብላ ነበር። ለመምጫህ እንዲያምር ያልከው ኮሪደር ጎርባጣ ስለሆነ፣ ከሴራሚኩ በፊት ያን እንደ ውሃ ፈሶ ራሱ የሚስተካከለውን ስሚንቶ ማፍሰስ ነበረብኝ። ከውስጥ ተጀምሮ ወደ ውጭ በር እያፈገፈጉ ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ ከእሷ ደጃፍ ጀመርኩ። እስኪደርቅ ለአራት ሰዓት ያህል እንዳትረግጪው አልኳት። ወዴት ልሄድ ብለህ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

ባልዲዬን ሳጥብ ጠራችኝ። ደረቴን፣ ደረቴን አለች። መስኮቷ እንደምታውቀው የብረት ፍርግርግ ነው፤ መግቢያው ያው እርጥቡ ወለል ብቻ ነው። ደወልኩልህ። ያልከውን አልረሳኸውም መቼም፤ እሷ ማጋነን ልማዷ ነው፣ ከረገጥከው ወንድሜ አይደለህም፣ ትታገስ አልከኝ። እኔ ደግሞ ካንተ ቃል መቼ ወጥቼ አውቃለሁ? ውጭ በር ላይ ቆሜ ትንሽ ታገሺ እማዬ፣ ሊደርቅ ነው አልኳት። ሁለቴ ደግማ ጠራችኝ። ከዚያ ዝም አለች። እፎይ፣ ተኛች ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ለሰው በእንቅልፏ አረፈች ብለናል፤ ይሁን። ለቀስተኛው ሁሉ ወለሉን አደነቀ። ውሃ ልክ አስቀምጬበታለሁ፣ ዝንፍ አይልም። የሰው ኮቴ የለበትም። እኔ አልረገጥኩትም፤ እሷም እንዳትረግጪ ስላልናት አልረገጠችውም።

ከደጃፏ ሥር ብቻ አንድ እጅ ታትሟል፣ ከነአምስት ጣቱ። ልሞላው ስሚንቶ በጥብጬ፣ አቃተኝ። ማጣበቂያ ሳልቀባ ሴራሚክ አለበስኩት። ስለዚህ ያቺ አንዷ ሴራሚክ ስትረገጥ ባዶ ድምፅ ታሰማለች፤ የእጄ ጉድለት አይደለም።

መኝታህን እሷ ክፍል አንጥፌልሃለሁ። ስትገባም ስትወጣም ትሰማታለህ።

እግርህን ከእንቅፋት፣ ደረትህን ከውጋት ይጠብቅልህ።

ታዛዡ ታናሽ ወንድምህ