የአራቱ ቱቦዎች ጩኸትና የሱልጣና ምጥ

ለክቡር አቶ ውብሸት አስናቀ
የጥጥ እርሻው ዋና ሥራ አስኪያጅና የክሊኒካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዋሽ ጣቢያ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስለ መላ ጤንነትዎ፣ በተለይም ስለ ጆሮዎ ደኅንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኛ አጥር የምንጋራ ጎረቤቶችዎ፣ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ከጆሯችን በስተቀር ደኅና ነን።

ግቢዎ ከማዋለጃ ክፍላችን ጀርባ በመሆኑ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ቀይ የእሽቅድምድም መኪናዎን ተንበርክከው ሲፈቱ የማየት ዕድል ደርሶናል። ፋብሪካው የሠራላትን ጭስ ማውጫ ነቅለው፣ ድምፅ የሚያፍነውንም ማርሚታ ጥለው፣ በጅቡቲ በኩል ያስመጧቸውን አራት ጠማማ ቱቦዎች በገዛ እጅዎ ገጥመዋል። ይህም ለሞተሩ ጉልበት እንደሚጨምር ለእንግዶችዎ ሲያስረዱ ሰምተናል። በአዋሽ አርባ መንገድ ከፍየል መንጋ ኋላ ተሰልፎ ለመጠበቅ ይህን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሞተሩን መጀመሪያ ያስነሱ ዕለት፣ ለመንገደኛ ወተትና ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች ባቡር የመጣ መስሏቸው ወደ ጣቢያው ሮጡ። ወይዘሮ ባይሽ ወድቀው ወተታቸው ፈሰሰ። እሳቸው መሳቅ ስላልቻሉ፣ ክቡርነትዎ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ስለሳቁላቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. የቱቦዎቹ መጋጠሚያ አልስማማ ብሎ በየቀኑ መፍታት፣ መግጠምና ማስጮህ ግድ ሆነብዎ። «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ሰሌዳ በራችን ላይ ያሰቀሉት እርስዎ ነበሩና፣ ትእዛዙ ለታማሚዎች ብቻ መሆኑን ዘግይተን ተረዳን።

፫ኛ. ይህን በትሕትና ለመጻፍ ሞክሬ አቅቶኛል። ባለፈው ሐሙስ የሐዲድ ሠራተኛው የሙሐመድ ባለቤት ሱልጣና ምጥ ጠንቶባት ነበር። እኛ ዘንድ የፅንስ ልብ የሚደመጠው እናትየው ሆድ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ የእንጨት ማዳመጫ ነው፤ ከዚያ ሌላ ያለን መሣሪያ ጸጥታ ብቻ ነው። ጠዋት ልቡ ደኅና ይመታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደክሞ እንደሆነ በባቡር ወደ ናዝሬት ሆስፒታል ልልካት፣ ካልደከመ ግን ምጥ የያዛትን ሴት በዚያ ሐሩር እንዳላንገላታት መለየት ነበረብኝ። ጆሮዬን ባስጠጋሁ ቁጥር የምሰማው የእርስዎን ሞተር ሆነ። ዘበኛችንን አምባዬን ልኬ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፉልን ለመንኩ፤ አዲስ ቱቦ በደንብ ሳይግል ሞተር አይጠፋም ብለው መለሱት። ዳግመኛ ላክሁት፤ በሩ አልተከፈተለትም። ባቡሩም ሄደ። እርስዎ ለእራት ሲገቡ ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ አዳመጥኩ፤ የሚደመጥ ልብ አልነበረም። ሱልጣና ተርፋለች።

በማግስቱ ለሐዘንተኞቹ አንድ ፍየል ልከው፣ አመሻሹ ላይ በደጃቸው መኪናዎን እያስጓሩ አለፉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉታል ይህንን። ሙሐመድ የአላህ ቀደር፣ የእሱ ውሳኔ ነው ብሎ ተቀብሎታል፤ እኔ ግን ያን ዕለት መኪና ሥር መፍቻ ይዞ ተጋድሞ ያየሁት ክቡርነትዎን ነው። ተጸይፌዎታለሁ፤ ይህን ከዚህ በበለጠ አክብሮት የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም።

ለመኪናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ደግሞ ከተቻለ ጥቂት ኀፍረት እየተመኘሁ፣ ከሥራ እንደሚያሰናብቱኝ አውቄ ስሜን በግልጽ የማኖር፣

ስንቅነሽ በላይ
አዋላጅ ነርስ

ግልባጭ፦ ለባቡር ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ሱልጣና ልጇ ሲወለድ ድምፅ አሰምቶ እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃኛለች። መመለስ ቢያቅተኝ፣ የድምፅን ነገር ክቡርነትዎ ይበልጥ ያውቃሉ ብዬ ወደ እርስዎ መርቻታለሁ፤ መቆም እንደቻለች በርዎ ላይ ትመጣለች። ከሐዘኑ ወዲህ የምትናገረው በሹክሹክታ ነውና፣ እባክዎ ሞተሩን ያጥፉላት።