ስለ ታጠረው የእምነበረድ ስብርባሪ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዲሳሳ፣
የእምነበረድ መቁረጫው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎንም ከአቧራ ርቆ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኛ ከፋብሪካዎ ጀርባ የምንኖረው፣ ሳላችን ካልተቆጠረ፣ ደህና ነን።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ለድፍረት አይደለም። ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ያስገባነው ማመልከቻ መልስ ስላላገኘ፣ ይህ ደብዳቤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ምናልባት ከዓይንዎ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር በአዳራሹ ባደረጉት ንግግር፣ ድርጅትዎ ተረፈ ምርቱን መልሶ በመጠቀም ወደ ዘላቂ ልማት መሸጋገሩን ሲያበሥሩ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ገና ለተቋቋመው ክልላችን አርአያ ነዎት ተብሎ ተጨበጨበልዎ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ አልከበደኝም። ሽግግሩ እንዴት እንደተጀመረ ለመናገር ጊዜ ሳያጥርዎ አልቀረምና የጎደለውን እኔ ልሙላልዎ።

ድርጅትዎ የተሰበረውን እምነበረድ ስድስት ዓመት ሙሉ ከግቢው ውጭ፣ በእኛ መተላለፊያ ላይ ሲደፋ ኖረ። ከመንጌ የመጣችው ጎረቤቴ ኢንቲሳር በወርቅ አጠባ ያደገች ናት፤ በእነርሱ ዘንድ አንዱ አጥቦ የተወውን አፈር ሌላው መልሶ ቢያጥበው ነውር የለበትም። እናም ወርቅ በምታጥብበት የእንጨት ገበታ ስብርባሪዎን ከአቧራው አጥባ ለየችው፤ ሌላዋ ጎረቤታችን ቡሴ በወንፊት በየመጠኑ መረጠችው፤ እኔ ደግሞ ከግንበኛው አባቴ ባየሁት መንገድ በሲሚንቶ ለውሼ የወለል ንጣፍ አደረግሁት። የመጀመሪያ ሥራችን ለቀበሌው ክሊኒክ የማዋለጃ ክፍል እንዲሆን ተስማማን። ወለሉ አፈር ነበርና በክረምት እናቶች የሚወልዱት ጭቃ ላይ ነበር።

ስህተታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኢንቲሳር ወግ፣ ከሌላው ትራፊ ያገኘ ሰው ያገኘውን አፈሩን ቆፍሮ ላወጣው ለባለ ጉድጓዱ ወስዶ ያሳያል፣ ያመሰግናል፤ ባለ ጉድጓዱም መርቆ ይሸኘዋል። እኛም የመጀመሪያውን ንጣፍ በነጠላ ጠቅልለን ቢሮዎ ድረስ አመጣንልዎ። ፈገግ ብለው ተቀበሉን፣ ንጣፉንም ጠረጴዛዎ ላይ አስቀሩት። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ የማውቀው እኔ እንኳ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ክምሩ በሽቦ ታጠረ፣ ማስታወቂያም ተሰቀለበት።

ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ማስታወቂያው «በዚህ አጥር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር የድርጅቱ ንብረት ነው» ይላል። ስድስት ዓመት እግራችንን ሲቆርጠን የኖረው ነገር ባለቤት ያለው መሆኑን በማወቃችን ተጽናንተናል። ባለቤቱ ያን ጊዜ የት እንደነበር ግን ቢነገረን ደስ ይለናል።

፪ኛ፦ ከመጋዙ ሥር ወደ ወንዛችን የሚወርደውን ነጭ ጭቃ «ንብረቴ ነው» አላሉም። ተረስቶ ይሆናል።

፫ኛ፦ አጥሩ ከቆመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከውስጡ እስካሁን አንድ ንጣፍ አልወጣም። በአዳራሹ ለእንግዶች ያሳዩት የእኛኑ ነው። በጠርዙ በኩል ጎደል ያለው፣ ከቅርጹ ሳወጣው ስለቸኮልኩ ነውና ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬ኛ፦ የማዋለጃ ክፍሉ ወለል እኩሌታው ንጣፍ፣ እኩሌታው አፈር ሆኖ ቀርቷል። አዋላጇ ወይዘሮ መነን ሁለት እናቶች አንድ ላይ ሲመጡባት ማንን ወዴት እንደምታስተኛ ቢጨንቃት፣ ቀድማ የደረሰችው ንጣፉ ላይ ትሁን ብላ ወሰነች። ባለፈው ሳምንት ኋላ የደረሰችው ቡሴ ነበረች። በወንፊት የመረጠችው ጠጠር ሽቦ ውስጥ ተቀምጦ፣ እርሷ አፈሩ ላይ ወለደች። እርሷም ልጇም ደህና ናቸው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ ከመናደዴም በላይ ደክሞኛል።

ክቡር ሆይ፣ ትራፊን ማጠር ሌላ፣ በትራፊ መጠቀም ሌላ ነው። የምንለምነው ጥቂት ነው፤ ክምሩን ያስከፍቱልንና ወለሉን እንጨርስ። ከዚያም ድርጅትዎ ራሱ ንጣፍ ላምርት ቢል ሠራተኞችዎን እኛው እናስተምራለን፤ ያኔ በአዳራሹ የተናገሩት እውነት ይሆናል።

ለሽቦው ጥንካሬ፣ ለማስታወቂያው ጽሕፈት ውበት፣ ማመልከቻዎቻችንንም አንብቦ ከመድከም ራስዎን ስለጠበቁልን ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከአጥሩ በስተውጭ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ስርጉት ታረቀኝ

ማሳሰቢያ፦ ከትናንት በስቲያ ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ አህያ በሽቦው ክፍተት ገብቶ ክምሩ ላይ ሞቷል። በማስታወቂያዎ መሠረት የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ማንም አልነካውም፤ ሽታው ግን በዚህ ነፋስ ቢሮዎ ሳይደርስ አይቀርም። «ቆሻሻ ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ማኅተም ቢያደርጉበት እኛው አውጥተን እንቀብረዋለን። ሲጽፉ «በአጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ» ቢሉልን ደግሞ ወለሉንም በዚያው እንጨርሳለን።